በመዳፍ የተቀመሰው ወይን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ፣ በምወደው ክትፎ ውስጥ የሰው ፀጉር ይምጣብኝ፤ ብቀጥፍ፣ የምኖርበት ሕንጻ ኢሊቬተር ከጎረቤቴ ውሻ ጋር አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይቆለፍብኝ። ከዚህ በላይ የሚምል ሰው ካያችሁ የሚሸጠው ነገር አለው ማለት ነው። አላምንም የሚል ቶሮንቶ፣ ዮርክቪል ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ ምግብ ቤቱ ግን ዛሬ የጫማ መደብር ስለሆነ የሚያገኘው ጫማ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። የደረሰበት ሰው ዘመድኩን ይባላል። አርባን የተሻገረ፣ ትከሻ ሰፊ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ሴንት ጄምስ ታውን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ዝምተኛ ስለሆነ ጎረቤቶቹ ትሑት ይሉታል። ትሑት አልነበረም። ንዴቱን በጋን ከድኖ የሚያስቀምጥ ዓይነት ሰው ነበር፤ ጋን ደግሞ ስለከደኑት መፍላቱን አይተውም።

የሚሠራው ሙሴ ኦክታቭ የሚባል ፈረንሳዊ በከፈተው ምግብ ቤት ነው። ባስቦይ ነበር፤ ሳህን ያነሳል፣ ፍርፋሪ ይጠርጋል፣ ውሃ ይሞላል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያነሳና ሲጠርግ ሙሴ ስሙን ሊያጠና አልሞከረም። «ዛክ» ይለዋል። ዛክ ወዲህ ና፣ ዛክ ወዲያ ሂድ። ዘመድኩን መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር፤ በኋላ ለመደው። ለመደው ስል ተወው ማለቴ አይደለም።

በዚያ ቤት ውሃ የዛክ ነው፣ ወይን የፊሊፕ። ፊሊፕ የወይን አሳላፊው ነው። ትንሽ የብር ጽዋ በሰንሰለት አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር በዚያች ጽዋ ጠብ አድርጎ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል፤ እንግዶቹም ጠበል እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ብለው ይጠብቁታል።

ዘመድኩን በዚህ ጊዜ ሁሉ ሳህን ማንሳቱን ትቶ ያየዋል። ሥራውን ከፊሊፕ በፊት ያውቀዋልና። አባቱ በአንድ ፊታውራሪ ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበሩ። በእኛ አገር አሳላፊ መጠጡን ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት በግራ መዳፉ ጠብ ያደርግና እዚያው እንግዳው ፊት ይጨልጣል። «እኔን ያልገደለ አንተን አይገድልህም» ማለቱ ነው። አባቱ ይህን ያስተማሩት ገና በአሥር ዓመቱ ነው። ያልቀመስከውን ለሰው አትስጥ፣ የሚታመም ካለ አንተ ቅደም ይሉት ነበር። ፊታውራሪውን አብዮቱ ወሰዳቸው፣ አባቱን ዕድሜ፤ ሙያው ግን መዳፉ ውስጥ ቀረ። ሁለቴ ሙሴን ወይን ላሳልፍ ብሎ ጠይቆት ያውቃል። ሙሴ ሁለቱንም ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ አንድ ቀን ዛክ፣ አንድ ቀን፣ አለው።

አሁን ወደ ወይኑ እንምጣ። ሙሴ ኦክታቭ ክሎ ኤርሚን የሚባል ነጭ ወይን ሁለት ጠርሙስ ነበረው፤ በቶሮንቶ ቀርቶ በካናዳ ሦስተኛ የለም ይላል። ስኳር የሚባል ነገር በአጠገቡ ያላለፈ፣ ድርቅ ያለ ወይን ነው። እሱ እንደሚያወራው ወይኑ የሚበቅልበት ቦታ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይበልጥም፤ ባለቤቷ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ባርኔጣ ላደረገ ሰው አትሸጥም፤ ጠጠር ላይ ካልተንበረከኩላትም አትሸጥም። ሙሴ ተንበርክኮ ሁለት ጠርሙስ አገኘ። ጠርሙሶቹም ከፓሪስ ሲመጡ በአውሮፕላን የራሳቸው ወንበር ላይ ቀበቶ ታስረው ነው የመጡት። ዘመድኩን ይህን ወሬ ሦስት ዓመት ሰምቶታል፤ በመጀመሪያው ዓመት አሮጊቷ ሰባ ዓመቷ ነበር፣ በሦስተኛው ዘጠና አራት ገብታለች።

በፍልሰታ አንድ ሐሙስ፣ በእኛ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የምሳ ሰው ሞልቷል። ዘመድኩን ከሌሊት ጀምሮ ጠብታ ውሃ በአፉ አልዞረም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማልና። ፊሊፕ ያን ቀን ጥርሱን ሊነቀል ሄዷል። ሚስስ ሃርግሪቭ የምትባል፣ ዘወትር ሐሙስ መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ባለ ዕንቁ አሮጊት፣ ከሁለት እንግዶቿ ጋር መጥታ ክሎ ኤርሚን አዘዘች። ሙሴ በደስታ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ወይኑን ራሱ ከምድር ቤት አወጣው፤ ወዲያው ግን አንድ ትልቅ ሰው ስልክ ኮል አድርጎ ቢፈልገው፣ አስተናጋጆቹም ሁሉ እጃቸው ሙሉ ስለነበር፣ ዓይኑ ዘመድኩን ላይ አረፈ። ክፈት፣ ቅዳ፣ አትናገር፣ ብሎት ወደ ስልኩ ሮጠ።

ዘመድኩን እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ነጩን ፎጣ በክንዱ ላይ ጣለ። ቡሹን ድምፅ ሳያሰማ ነቀለው። ከዚያ፣ እኔም አንተም አንቺም በሱ ቦታ ብንሆን የማናደርገውን፣ የአባቱ ልጅ ብቻ የሚያደርገውን አደረገ። ወደ ሚስስ ሃርግሪቭ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ከዚያ በግራ መዳፉ ጠብ አደረገና ጨለጠው።

ጾሙን ረስቶት አይደለም። አስታውሶታል። እንግዳ ከጾም ይበልጣል ብሎ ነው።

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ሚስስ ሃርግሪቭ ዕንቁዋን በጣቷ ይዛ ቀረች። የዘመድኩን ፊት ግን ተቀያየረ። ወይኑ ታሞ ነበር። ዝናብ መትቶት ጓዳ ውስጥ የከረመ ጆንያ ይሸታል፤ ከጆንያው በታች የሞተ የፍሬ ጣዕም አለ፣ ሬሳ ላይ እንደተረጨ ሽቶ። ቡሹ ሲበላሽ ወይኑን ይዞት እንደሚሞት ፊሊፕ ሲናገር ሰምቷል፤ ቢሆንም የፊሊፕ ትምህርት አላስፈለገውም፤ አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ እመቤቴ ይሄኛው አይሆንም፣ ይሄኛው ታሟል፣ አላትና ጠርሙሱን አንስቶ ዞረ። ሙሴ ኦክታቭ ከስልኩ ሲመለስ ፊት ለፊት ተጋጩ።

ሙሴ ያየው የዘመድኩንን እርጥብ መዳፍ ነው። ሌላ ነገር ለማየት አልፈለገም። ጠርሙሱን ነጠቀው፤ አዳራሹ ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኾ ተናገረ።

«ይህ ሰው ሌባ ነው። የእንግዳዬን ወይን በቆሻሻ እጁ ይጠጣል።»

ዘመድኩን ወይኑ ታሟል ሊል አፉን ከፈተ። ሙሴ በእጁ ዝም አሰኘው፤ ወደ ሚስስ ሃርግሪቭ ሄዶ ይቅርታውን እየደረደረ ከዚያው ጠርሙስ ራሱ ቀዳላት። አልቀመሰም። አላሸተተም። ብርጭቆውን እያነሳ፣ እስቲ እመቤቴ ይመስክሩ፣ አላት።

ሚስስ ሃርግሪቭ ጠጣች። አዳራሹ ያያታል። ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ ድንቅ ነው፣ አለች። ሁለቱ እንግዶቿም ጠጡና፣ ድንቅ ነው፣ አሉ። አንደኛው እንዲያውም የአልሞንድ ሽታ ይሸተኛል አለ። ዘመድኩን የኩሽናው በር አጠገብ ቆሞ፣ ሦስት የታጠቡ፣ የተማሩ ሰዎች እርጥብ ጆንያ ሲያጣጥሙ አየ።

እዚያው ላይ ፋየር ተደረገ፤ ከሥራ ተባረረ።

ዮርክቪልን ወጥቶ በብሎር ጎዳና ወደ ሸርበርን ሲሄድ ሽርጡን አላወለቀም ነበር። መብራት ቀይ መሆኑን ሳያይ ተሻገረ፤ አንድ ባለታክሲ በራሱ ቋንቋ ሰደበው። አልሰማውም። ጆሮው ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው። ሌባ። በአባቱ ቤት ስንት ዓመት ከጠጅ ጋን ጋር ሲተኛ አንዲት ብርሌ ሰርቆ የማያውቅ ሰው፣ ስንት ሰው ፊት፣ ሌባ። የሚናደደው ደግሞ ከሁሉ በላይ በአንዲት ነገር ነው፦ ፊሊፕ ሲቀምስ ሙያ ነው፤ የብር ጽዋ አለውና። እሱ ሲቀምስ ሌብነት ነው፤ ያለው መዳፍ ነውና።

ሦስት ቀን እህል አልበላም፤ ጾሙ እንኳ ደንግጦ ተወው። በአራተኛው ቀን ጋሽ ተክለ ማርያም በሩን ደበደቡ። ጋሽ ተክለ ማርያም በዚያው ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ በድሮ ጊዜ የአውራጃ ዳኛ፣ በዚያን ሰሞን ግን የአንድ ቢሮ ሴክዩሪቲ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን ከአፉ ሲሰሙ መርዕድም አብሮ ነበር። መርዕድ ፓርኪንግ ሎት የሚሠራ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ቢሆንም ጢሙ ያለ ጊዜው የሸበተበት ሰው ነው። ሌበር ቦርድ እንክሰሰው፣ ሎየር አውቃለሁ፣ ሥራህን ያስመልሱልሃል፣ ይል ጀመር።

ዘመድኩን በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሥራውን ማን ፈለገው? ቃሉን ያንሳልኝ። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ሰው ፊት። ሌባ እንደተባልኩ ከሞትኩ አባቴ ወዲያኛው ዓለም ላይ ፊቴን አያዩኝም፤ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ።»

ጋሽ ተክለ ማርያም አወቁ። ለዚህ ሌበር ቦርድ አይሆንም አሉ። ለዚህ የሚሆነው ሽማግሌ ነው።

እንግዲህ ስሙልኝ። ሰው ሲቀያየም ሽማግሌ ይላካል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ አይበላም፣ አይጠጣም። ባለቤቱ ያፍራል፣ ይለምናል፣ በመጨረሻም እሺ ይላል። ይህ ሥርዓት ቡሬም ደምበጫም ይሠራል። ዮርክቪል ላይ ይሥራ አይሥራ የሞከረው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። አንደኛው ጋሽ ተክለ ማርያም። ሁለተኛው መርዕድ፣ በጢሙ። ሦስተኛ ሲታጣ እትዬ ጸሐይወርቅ መጡ። እትዬ ጸሐይወርቅ ጎጃም በረንዳ ጠጅ ቤት የነበራቸው፣ እዚህ ቢሮ የሚያጸዱ፣ ምላሳቸው ከጥሩ ምላጭ የሚስተካከል ሴት ናቸው። ሴት ሽማግሌ አልተለመደም ብሎ መርዕድ ቢንተባተብ፣ ወንድ ባልቴትም አልተለመደም፣ አንተን ግን ይዘንህ እንሄዳለን፣ አሉት። በዚህ አለቀ።

ቀጣዩ ሐሙስ የፍልሰታ ፋሲካ ዋለ። ከቅዳሴ ወጥተው፣ ጾሙን ፈትተው፣ ነጭ በነጭ እንደለበሱ ሰብዌይ ያዙ። ተበዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ዘመድኩን ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ የፓርኪንግ ሜትር አጠገብ ቆመ። የሚያየው በመስኮቱ መስታወት ነው፤ የተባለውን ደግሞ በኋላ መርዕድ ነገረው።

በር ላይ ያለችው ልጅ ሪዘርቬሽን አላችሁ ወይ አለች። መርዕድ የለንም፣ ደግሞም አንቀመጥም፣ አላት። አልፈዋት ገቡና የአዳራሹ መካከል ላይ ቆሙ። ዝም ብለው ቆሙ። ጋሽ ተክለ ማርያም በትራቸውን ተደግፈው፣ እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መርዕድ ጢሙን ይዞ።

ሙሴ ኦክታቭ ፈገግ ብሎ መጣ፤ የሆነ ባህል የሚያሳዩ መስሎታል። ጋሽ ተክለ ማርያም በአማርኛ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ጤናውን፣ ቀጥሎ የቤተሰቡን ጤና፣ ከዚያ የአገሩን ጤና ጠየቁ። መርዕድ ይተረጉማል። የሙሴ ፈገግታ በአገሩ ጤና ላይ አለቀ። ጉዳዩ ሲነገረው ጆሮው ቀላ። ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ጋሽ ተክለ ማርያም ይጥራ አሉ፤ እኔ ፖሊስ ሲመጣ ቆሜ መቀበል ልማዴ ነው፣ ወንበር አልሻም።

ፖሊስ አልጠራም። ፖሊስ ቢጠራ ምሳው ያልቃል። በፖሊሱ ፈንታ ሦስት ወንበር አስመጣ። አልተቀመጡም። ሾርባ አስመጣ። አልቀመሱም። እትዬ ጸሐይወርቅ የሾርባውን ሳህን በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉ ዘመድኩን ከመንገዱ ማዶ አየ። ከዚያ ሙሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሺ ዛክ ነገ ወደ ሥራው ይመለስ አለ።

«ዛክ የሚባል ሰው አናውቅም» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም። «ሥራም ልንለምን አልመጣንም። ከአፍህ የወጣውን ቃል ልንወስድ ነው የመጣነው። ስጠንና እንሂድ።»

ሰዓቱ ሄደ። እናንተ ሦስት ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ ሳያያችሁ፣ ሳይናገራችሁ፣ ዝም ብሎ ሲቆም በልታችሁ ታውቃላችሁ? ሹካዎቹ አንድ ባንድ ዝም አሉ። ሾርባው በየሳህኑ ቆዳ አወጣ። ሁለት ጠረጴዛ ሳይጨርስ ሹልክ ብሎ ወጣ። አስተናጋጆቹ በሽማግሌዎቹ ዙሪያ እንደ ወንዝ በድንጋይ ዙሪያ እየታጠፉ ያልፋሉ። ከመንገዱ ማዶ ዘመድኩን ጡጫውን ጨብጦ ቆሟል። ሊሮጥ፣ መስታወቱን ሊሰብር፣ ሽማግሌዎቹን ጎትቶ ሊያወጣቸው ያምረዋል፤ የእነሱ መቆም ከራሱ ስድብ ይልቅ አንገበገበው። የጋሽ ተክለ ማርያምን ጉልበት ያውቀዋል፤ ደረጃ እንኳ አይወጣም።

በዚህ ጊዜ መስኮቱ አጠገብ ሚስስ ሃርግሪቭ ናፕኪኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ተነሳች።

«ባለፈው ሐሙስ የጠጣሁት ወይን የታመመ ነበር» አለች። «ሰውየው ነግሮኝ ነበር። እኔም አውቄዋለሁ። ድንቅ ነው ያልኩት ሁላችሁም ስታዩኝ ስለነበር ነው።»

ይህን ብላ ቆመች፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር አራተኛ ሆና።

ሙሴ ኦክታቭ ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው ፊት አጣ። ስለዚህ ጥሩት አለ። መርዕድ መንገዱን እየሮጠ ተሻግሮ ዘመድኩንን በክንዱ ይዞ አስገባው።

ዘመድኩን ከሙሴ ፊት ለፊት ቆመ። ሙሴ ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ፤ ዘመድኩን እጁን አልሰጠውም። ዛክ ብሎ ሲጀምር የጋሽ ተክለ ማርያም በትር ወለሉን መታ። መርዕድ ስሙን ቆራርጦ አስጠናው፤ ዘ፣ መድ፣ ኩን። ሙሴ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካለት።

«ዘመድኩን ሌባ አይደለም» አለ። እትዬ ጸሐይወርቅ ባለፈው ሳምንት ድምፅህ እንዲህ ነበር ወይ ብለው በመርዕድ በኩል ጠየቁት። አልነበረም። ደገመው፤ የኩሽናው ሰው ሁሉ በር ላይ እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኾ ደገመው።

ያኔ ጋሽ ተክለ ማርያም ተቀመጡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማ።

ሙሴ እርቁን ለማሳመር፣ ወይም የቀረውን ሰው ለማስቀረት፣ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ክሎ ኤርሚን አስመጣ። ፊሊፕ በጉንጩ እብጠት ላይ እጁን ጭኖ ሊከፍተው ቀረበ። እትዬ ጸሐይወርቅ አይሆንም አሉ። የበደለ ነው የሚያሳልፈው። ሙሴ ራሱ ከፈተና ለሳቸው ሊቀዳ ጎንበስ ሲል ብርጭቋቸውን በእጃቸው ከደኑት።

«አልቀመስክማ፣ ልጄ።»

መርዕድ ተረጎመው። ሙሴ ወደ ፊሊፕ ጽዋ እጁን ላከ። እትዬ ጸሐይወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁና የገዛ ግራ መዳፋቸውን ከፍተው አሳዩት፤ በፅዳት ኬሚካል የተላጠ መዳፍ ነው። ሙሴ ኦክታቭ፣ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ያመጣውን ወይን፣ በራሱ ቤት፣ በራሱ ደንበኞች ፊት፣ በግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ጥቂቱ በክንዱ ወርዶ ሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ገባ።

ይሄኛው ጤነኛ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ቀዳ፣ ለሚስስ ሃርግሪቭ ቀዳ፣ በመጨረሻ ለዘመድኩን ቀዳለት። እትዬ ጸሐይወርቅ ፊታቸውን ቋጥረው፣ ጌሾ የበዛበት ማር የጠፋበት ነው፣ አሉ። ጋሽ ተክለ ማርያም ግን ቁጡ ወይን ነው፣ ንጹሕ ነው ግን ቁጡ ነው፣ ብለው ብርጭቋቸውን ጨረሱ።

ዘመድኩን ቀመሰው። ከዝናብ በኋላ የተሰበረ ድንጋይ ይሸታል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም አያባብልም፣ ምንም ይቅርታ አይጠይቅም፤ ከተዋጠ በኋላ ብቻ፣ ከሩቅ፣ የማር ሰፈፍ ጠረን የመሰለ ነገር ይመጣና ይሄዳል። እውነትም ግሩም ነገር ነው። እንዲህ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ንዴቱ ይበርድልኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። እንዲያውም ባሰበት። ይህንን የሚያውቅ ምላስ ያንን የታመመውን እንዴት ዋጠው?

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዞሮ አዳራሹን አየ።

«ባለፈው ሐሙስ እዚህ የነበራችሁ ስንት ናችሁ?»

እንግሊዝኛው ያን ቀን አልተሰባበረም። አንዱ ሰዓቱን አየ፤ አንዷ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋችው። ሙሴ ዝምታውን ሊሸፍን ብሎ፣ ከነገ ጀምሮ ወይን አሳላፊ ትሆናለህ፣ ከፊሊፕ ጋር እኩል፣ ጽዋም አሠራልሃለሁ አለው። ሦስት ዓመት የተመኘውን ነው በአንድ ትንፋሽ የሰጠው። መርዕድ በደስታ ክንዱን ቆነጠጠው።

ዘመድኩን መርዕድን በእርጋታ ከክንዱ አላቀቀው።

«ለእነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ የምቀምስላቸው የለኝም» አለ። «የመጣላቸውን ይጠጡ።»

ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ፣ በሩን ይዞላቸው፣ ወጣ። ብሎር ላይ እትዬ ጸሐይወርቅ ከነጠላቸው ሥር የሙሴን ዳቦ አውጥተው አካፈሏቸው፤ መቼ እንዳነሱት ማንም አላየም። መርዕድ ስለ ሥራው ሲነጫነጭ እስከ ሸርበርን ደረሰ። ዘመድኩን ዳቦውን በላ፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ፤ መንጋጋው ግን ዳቦውን የሚያኝከው እንደ ጠላት ነበር።

በመስከረም ዘመድኩን መርዕድ የሚሠራበት ፓርኪንግ ሎት ሥራ ገባ። ወይን የሚባል ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ ፊቱ ይለወጣል።

እንግዲህ በክትፎዬና በኢሊቬተሬ ስለማልኩ አንዲት ነገር ልመልስ። አንዲት ብቻ። ዳቦውም፣ በትሩም፣ በመዳፍ የተጠጣውም፣ አውሮፕላን ላይ ቀበቶ የታሰረውም፣ ሁሉም እንዳልኩት ነው። ሚስስ ሃርግሪቭ ግን አልተነሳችም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ፣ የቀዘቀዘ ሾርባዋን ስታማስል ነበር። ሙሴ ቃሉን ያነሳው ምሳው ስለተበላሸበት እንጂ እውነት ስለተነገረው አይደለም፤ ያን ታመመ የተባለ ወይን እውነት መታመሙን ከዘመድኩን በቀር አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ታሪኩን ስጽፍ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኳት፣ ጠበቅኳት፤ አልነሳም ስትል ተናደድኩና በብብቷ ገብቼ አስነሳኋት።